ለደንበኛ የተሰፋ ልብስ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ በኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ «ምናልባት ባያውቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቃለሁ። ኃይል ከፀሐይ ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳልገልጥ እመልሳለሁ። በየደረጃው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ እንደሚወጣ፣ ወደሚቀጥለው የሚያልፈው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ እንደሆነ ምሳ ላይ ሳይቀር አስተምራለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ሳህኔን ደግማ እየሞላች፣ «አንተ ጋ ሲደርስማ አሥረኛውም የለ፤ ሁሉም በወሬ አለቀ» አለችኝ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሙያውንም ሱቁንም ከአባቷ ነው የወረሰችው። ከሱቁ ጋር ደግሞ አንድ ወርቃማ አሳ ወርሳለች። አማቼ አሳውን «ደንበኛ» ይሉት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲያይ ውሎ ምንም ስለማይገዛ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባለቤቴ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት መጀመሪያ ሰላም የምትለው ደንበኛን ነው። እኔ እንድመግበው አይፈቀድልኝም። ቤታችን የነበሩትን የአበባ ተክሎች በፍቅር ብዛት ውሃ አጠጥቼ ስለጨረስኳቸው ልፈርድባት አልችልም።

በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ሳምንት ሲመጣ የኬሚስትሪው መምህር በየዓመቱ አረፋ የሚተፋ እሳተ ገሞራ ይሠራል፤ አዳራሹም በየዓመቱ እንደ አዲስ ያጨበጭብለታል። ዘንድሮ ግን እኔ አላስቀምጠውም አልኩ። ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ ታሽጎ በራሱ የሚኖር ትንሽ ዓለም! ተክሉንና ቀንድ አውጣውን አዘጋጀሁ። የጎደለኝ አሳ ብቻ ነበር።

«ደንበኛን አውሺኝ» አልኳት።

«ለምን ሲባል?»

«ለሳይንስ።»

«ሳይንስ የራሱን አሳ ይፈልግ።»

«ስሚኝ እንጂ። ክዳኑ ይታሸጋል። ተክሉ ምግብ ይሠራል፣ ኦክስጅን ያወጣል። ደንበኛ ተክሉን ይበላል፣ ይተነፍሳል። ከሱ የሚወጣውን ቀንድ አውጣውና በዓይን የማይታዩት ጥቃቅኖች አፈራርሰው ለተክሉ ይመልሱታል። ምግቡም አየሩም እዚያው እየዞረ ይኖራል። ኃይል ግን ዞሮ አይመለስም፤ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ አዲስ መግባት አለበት። እንግዲህ ከውጭ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

«ብርሃን!» አልኩ፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ። ይህችን ጣት አደራ እንዳትረሷት።

ባለቤቴ የያዘችውን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰካች። «አባዬ ሊሞት ሲል እንኳ 'ደንበኛ በላ ወይ?' ነበር ያለኝ» አለች። «እሱን አንድ ነገር ካደረግክብኝ ይቅር የምልህ አይመስለኝም።»

«በኔ ጣይው» አልኳት።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ሠርቶልኝ ነበር። ገንዳውን ላቦራቶሪው መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ፀሐይ ስትገባ ቅጠሎቹ ላይ ትንንሽ የአየር አረፋ ይወጣል፤ ደንበኛም ቅጠል እየቀነጠሰ ይንጎራደዳል። ባለቤቴ መጥታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አየችው። «ወፍሯል» አለች። ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው፤ ደረቴ ሸሚዜን ሊበጥሰው ደረሰ።

ያጠፋኝ ያ ደረት ነው። የኬሚስትሪው መምህር በላቦራቶሪው በር ብቅ ጥልቅ ማለት ሲያበዛ፣ ነገሩ በክብር እንግዳ እጅ ተገልጦ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ካልቀረ ምኑን ሠራሁት አልኩ። ወደ ባለቤቴ ሄድኩና ለገንዳው ልብስ እንድትሰፋለት ለመንኳት። ጥቁር፣ ድርብ፣ ማንም አጮልቆ የማያይበት።

«አያፍነውም?» አለችኝ።

ሳቅሁባት። «ከውጭ አየር አይፈልግም አላልኩሽም?»

እሷ እንደሆነች ሥራ አታውቅም አይባልም። ገበር አስገባችበት፤ ጠርዙን በላስቲክ ሰበሰበችው። ገንዳውን አልብሼ ዞር ዞር ብዬ አየሁና፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ጭላንጭል እንኳ አያስገባም!» አልኳት። በዚህ አፌ።

የሳይንስ ሳምንቱ መክፈቻ ዕለት የክብር እንግዳው አልተመቻቸውም ተባለና በዓሉ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። እኔም ምሥጢሬን ማንም እንዳይነካብኝ ላቦራቶሪውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ፀሐይ ብትጠፋስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «መጀመሪያ ተክሉ ይደክማል፣ ከዚያ በላተኛው ያልቃል» ብዬ መለስኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬም አስጨበጨብኩላት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ገንዳው ልብሱን እንደለበሰ መድረክ ላይ ተቀመጠ፤ አዳራሹ ጢም አለ። ባለቤቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። እኔ ስለ ሕይወት ሰንሰለት ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ እንግዳው ጨርቁን ገፈፉት።

ውሃው ደፍርሷል። ቅጠሎቹ ጠቁረው ሟሽሸዋል። ደንበኛ በጎኑ ተንጋድዶ ክዳኑ ሥር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክው አልኩ። ምላሴ ግን ልማዷን አልተወችም፤ «እንደምታዩት ሕይወት በራሷ…» ስትል ሰማኋት።

ባለቤቴ መድረኩ ላይ መቼ እንደወጣች አላየሁም። ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣች፣ እሽጉን ቀደደች፣ ደንበኛን በእፍኟ አንስታ የክብር እንግዳው የሚጠጡት ውሃ ጆግ ውስጥ ከተተችው። አየር እንዲገባለት ውሃውን በብርጭቆ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስለት ጀመር። ተማሪዎቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አዳራሹን በጭብጨባ አናጉት። የኬሚስትሪው መምህር ተነስቶ መጣና ጆጉን ያዘላት። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆይቶ የደንበኛ መተንፈሻ ስንጥብ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ጀመር። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «በአባቴ መኪና፣ በገዛ እጄ። እኔ አላውቅም ነበር። አንተ ግን ታውቅ ነበር።»

አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ደንበኛ ተርፎ ወደ ሱቁ መስኮት ተመለሰ። እኔና ባለቤቴ ግን ከሰላምታ በስተቀር ቃል የማንለዋወጥ ሆንን። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ አንድ ሳህን በልቼ እነሳለሁ። ይቅርታ ስጠይቃት «እኔን ምን አድርገኸኝ፣ ደንበኛን ጠይቀው» ትለኛለች። ጨነቀኝ። ሌላ የምክስበት ነገር ባጣ፣ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ ሱቁ ጎራ እያልኩ የመስኮቱን መጋረጃ መክፈት ጀመርኩ። አልከለከለችኝም። ባለ ዲፕሎማው መምህር መጋረጃ ከፋች ሆኜ አረፍኩት፤ ደንበኛም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ፈታኝ ያየኛል።

ያንን ጥቁር ጨርቅ ባለቤቴ ፈትታ ሰደርያ ሰፋችልኝ። «ስለ ፀሐይ ስታስተምር ልበሰው» አለችኝ። ለበስኩት፤ ልክክ ብሎልኛል፤ በጣም ይሞቃል። ተማሪዎቼ ምነው በዚህ ሙቀት ሲሉኝ ታሪኩን አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ከትምህርቴ ሁሉ ደብተራቸው ላይ ሳይጽፉት የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት መጋረጃውን ከፍቼ ልወጣ ስል ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ምን ይገትርሃል?» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «ቆንጥረህ ስጠው እንጂ።»

የምግቡን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ያቺን ጣቴን ከአውራ ጣቴ ጋር ሰደድኳት። ደንበኛ ወደ ላይ መጥቶ አፉን ከፈተ።

«ትንሽ ብቻ» አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ። ደንበኛ በላ። ባለቤቴ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬስ» አለች፣ «ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ?»