ከኋላ የተበደረ ቃል

የሆስፒታሉ ዋና ኮምፒውተር ጠዋት ድርግም ብሎ ሲጠፋ ማንም አልደነገጠም። «መጭመቂያዋ አለች አይደል!» ተባባሉ። ለመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የሕሙማኑን መዝገብ ሁሉ አጥብቆ አሳንሶ በጥቂት ፍሎፒ ዲስኮች ላይ የሚያስቀምጠውን ዘዴ፣ አስተማሪ ደጅ ሳትረግጥ ብቻዋን ፈልስፋዋለችና። እሷም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተሸክማው ትዞር ነበር። የወረቀት ካርድ ይጣል ብላ ተሟግታ ያስጣለችውም ራሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷን በቃሬዛ ይዘዋት ገቡ። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል፤ ትኩሳቱ ያስቀባጥራታል።

«በፊት እዚሁ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አልነበር?» አለ የማደንዘዣው ሐኪም። «ከሁለቱ ማደንዘዣ አንዱ ሊገድላት ነበር ብለሽኛል። ነጩ ነው ቢጫው?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከንፈሯ ሲጠቁር ብቻ ነው ያየሁት። መዝገቡ ላይ አለ። አሁኑኑ አወጣልዎታለሁ።»

ዲስኮቹን በየተራ ለመጠባበቂያው ማሽን ታጎርሰው ጀመር። ዋጠ፣ ዋጠ፣ ዋጠ። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው ላይ ሲደርስ ጥርሱን አፋጨ።

«ምነው መጭመቂያዋ፣ አነቀው እንዴ?» አለ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከበሩ ላይ።

«አንተ የገዛኸውን ርካሽ ዲስክ ማን ይውጠዋል? ዞር በልልኝ!»

ምላሷ እንደ ወትሮው ቢሳልም ዓይኗን ከማሽኑ አልነቀለችም። የዘዴዋ ምሥጢር ብድር ነው። አንዴ የተጻፈ ቃል ሁለተኛ አይጻፍም፤ በቦታው «ከኋላ፣ ከዚያ ጋ ውሰድ» የሚል ምልክት ብቻ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስታወጣው እያንዳንዷ ዲስክ ከራሷ ብቻ ትበደር ነበር፤ አንዷ ብትበላሽ ሌላዋን አትነካም። ይሄው ሰውዬ ግን «ይሄ መጭመቅ ነው ወይስ መንፋት?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀባት። አንድ ዲስክ ላትርፍ ብላ፣ እልህ ይዟት፣ ሁሉንም አንዷን በሌላዋ ላይ አንጠለጠለቻቸው።

ማሽኑን ብልሽቱን እንዲዘለው አዘዘችው። የእህቷ መዝገብ ብቅ አለ፤ «ነጩ ይሰጣት፤ ቢጫው ፈጽሞ አይስማማትም።»

«ይኸው! ጎሽ የኔ ልጅ!» አለ ሐኪሙ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገሰገሰ።

እፎይ ልትል ስትል ዓይኗ ከግርጌው አረፈ። መዝገቡ ሳይበላሽ መውጣቱን የሚያሳየው የማረጋገጫ ቁጥር አልገጠመም። ወደ ላይ ወጣች። ስም፣ የእህቷ። ዕድሜ፣ የእህቷ። ሥራ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር።

እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። መሪ ጨብጣ አታውቅም።

የተበላሸው ምልክት መበደሩን አልተወም፤ የሚበደረው ግን ከማያውቀው ሰው መዝገብ ነው። የሚያመጣው ቃል ደግሞ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ፊደል አያጎድል፣ አይንተባተብ።

ጫማዋ አንዱ ወልቆ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። በሩን በትከሻዋ በርግዳ ስትገባ መርፌው ክንድ ሊነካ ደርሶ ነበር።

«ያቁሙ! መዝገቡ ውሸት ነው!»

«በዓይኔ በብረቱ አንብቤዋለሁ እኮ!»

«እህቴን ሾፌር ይላታል! ‹ነጩ› የሚለው የማን እንደሆነ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቢጫው ነዋ?»

«እሱንም አላውቅም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አላውቅም።»

ነርሶቹ ተያዩ። ይህ ቃል ከዚህች አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም።

ሐኪሙ መርፌውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «ሁለቱንም ትተን ቦታውን ብቻ እናደነዝዛለን። አጥብቃችሁ ያዟት፤ ያማታል፤ ትጮሃለች።»

«ትጩህ» አለች።

አስወጥተው በሩን ዘጉባት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ፣ ቆመች። ጩኸቱ ተጀመረ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጫማዋን አንጠልጥሎ መጣና እግሯ ሥር አኖረው። ጆሮዋን አልደፈነችም። እህቷ ስትጮህ እሷ ትተነፍሳለች፤ ዝም ባለች ቁጥር ግን የእሷም እስትንፋስ አብሮ ይቆማል።