የሐዘን ጺም

እኛ ቀርጤስ ተራሮች ላይ፣ ወንድ ልጅ የቅርብ ሰው ሲሞትበት አርባ ቀን ፊቱን ምላጭ አይነካውም። ልማዱን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ካንሰር እንዳልነበረበት ግን እርግጠኛ ነኝ።

የባሌ የማኑሶስ ካንሰር ጉንጩ ላይ ነበር፣ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ኮፍያ እምቢ ብሎ ከበጎቹ ጋር ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ነው። ሐኪሟ "ለቀዶ ጥገና አይመችም። ሠላሳ ቀን ጨረር ይወስዳሉ፤ ካላቋረጡ ይድናሉ" አለችው። ጺሙን አስላጭተው በሞቀ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ ልክክ የሚል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጭምብል ሠሩለት። ጨረሩ ዓይኑን እንዳይነካ፣ ያንን አጥልቀው ጭንቅላቱን ከአልጋው ጋር ያስሩታል።

"አይብ አደረጉኝ እኮ አርጊሮ፣ በወንፊት ጨመቁኝ" እያለ ይስቅ ነበር።

ጨረሩ በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን ታናሽ ወንድሙ ሲፊስ ትራክተር ተገልብጦበት ሞተ። ቀበርነው። ማኑሶስ ጥቁር ሸሚዝ ለበሰ፣ ምላጩንም አስቀመጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጨረር ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅ ጭምብሉን ብትጫነው ብትጫነው እምቢ አላት።

"አባባ፣ ጺምዎ እየገፋው ነው። ይላጩና ነገ ይምጡ።"

"አርባው ሲወጣ።"

"ዕጢው አርባ ያውቃል እንዴ አባባ? አዲስ ጭምብል ብንሠራም ጺምዎ እያደገ ያንንም ይገፋዋል!"

መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ወደ ቤት ስንመለስ "አንቺ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"ተላጭ!" ብዬ መጮህ ነበረብኝ። እኔ አፌ የሚያዝ ሴት አይደለሁም፤ በግ ገበያ ላይ ወንዶቹ ከእኔ ጋር መከራከር ይፈራሉ። ያን ቀን ግን የታየኝ የሲፊስ ሚስት ፊት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሴቶቹ "የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ ተላጨ" ሲሉ ከወዲሁ ተሰማኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

"ወንድምህ ነው፤ አንተ ታውቃለህ" አልኩት።

አርባው ወጣ። ንፍሮው ተበላ፣ ነፍስ ይማር ተባለ፣ ማኑሶስም ጓሮ ወጥቶ ተላጨ። ከጺሙ ሥር የወጣው ዕጢ እኔ የማውቀው አልነበረም። ሐኪሟ ምስሉን አየች። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፣ ወደ አንገቱም ወርዷል፤ ከእንግዲህ ጨረሩ ሕመም ከማስታገስ አያልፍም አለችን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጮህኩበት። "ያኔ ብነግርህም አትላጭም ነበር! ግትር! መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?" አልኩት። ራሴን ለማዳን ነበር።

አልተቆጣም።

"እላጭ ነበር እንጂ" አለኝ። "ለዚያ አይደል እንዴ የጠየቅኩሽ?"