ከኋላ የሚቆመው ሰው

ወንዙ ከተዘጋ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል። በየዓመቱ ዓሦቹ እንቁላላቸውን ጥለው እስኪጨርሱ ለሦስት ወር ማጥመድ ክልክል ነው፤ ድልድዩ ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ዘበኛ ይቆማል። ወንድሜ የሞተው ወንዙ በተዘጋ በሳምንቱ ነው። ልቡ ቀጥ አለች፣ አለቀ።

አላለቀስኩም። ይህን የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ታዝቦኝ ስላለቀ ነው። በቀብሩ ቀን እህቴ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ሰው ምን ይላል፣ ፊትህን እንኳ ሸፈን አድርግ አለችኝ። ሸፈን አደረግሁ። ፊቴን ሸፍኜ ያሰብኩት አንድ ደንበኛ ለመታጠቢያ ቤቱ ያዘዘውን መስታወት ጠርዙን አለመሞረዴን ነበር።

እኔና ወንድሜ መስታወት ቆራጮች ነን። ሱቃችን አንድ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛችንም አንድ ነው። ደንበኞች እሱን «ትልቁ»፣ እኔን «ትንሹ» ይሉናል፤ ትንሹ ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላው። ካቻምና ወንድሜ መቁረጡን ሁሉ ለእኔ ለቆ ደንበኛ ማነጋገር ያዘ። ያንተ እጅ ይሻላል አለኝ። እኔም የሰነፈ መስሎኝ፣ አለቃ ሆንክብን እያልኩ ስቀልድበት ከረምኩ፤ በሆዴ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ እሑድ ዓሣ እናጠምዳለን። በትል አይደለም፤ ላባ ተጠቅልሎበት ዝንብ በሚመስል ትንሽ መንጠቆ ነው። እንዲህ ያለ መንጠቆ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ክሩ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ታነሳለህ፣ ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትመልሰዋለህ። ከቸኮልክ ክሩ እንደ ጅራፍ ይጮህና መንጠቆው ተበጥሶ ይሄዳል። ከዘገየህ ክሩ መሬት ላይ ይወድቃል። ሌላው አጥማጅ ዞር እያለ አይቶ ይማረዋል። እኛ የራሳችን ዘዴ ነበረን፤ ወንድሜ ከኋላዬ ፈንጠር ብሎ ይቆምና ክሩ ሲዘረጋ «በል» ይለኛል። ያኔ እመልሳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ የራሱን ዘንግ ከሰቀለ በኋላ እንኳ ከኋላዬ መቆሙን አልተወም። ሌሎቹ አጥማጆች፣ ይሄ ሰውዬ ያለ ሹፌር አይንቀሳቀስም እያሉ ያላግጡብን ነበር።

ወንዙ ሲዘጋ የምንለማመደው ከሱቁ ጀርባ፣ መስታወት በምናወርድበት ግቢ ነው። መንጠቆውን ፈትተን በምትኩ ቀይ የሱፍ ክር እናስራለን፤ ዒላማችን ሲሚንቶው ላይ የተቀመጠ የባልዲ ክዳን ነው። ዘንድሮ ከምሳ በኋላ ብቻዬን እወጣለሁ። ዘንጉን አነሳለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም። ክሩ ከኋላዬ ዝርግት ብሎ ይወድቃል። በልቤ ብቆጥርም ጮኸብኝ፣ ዞሬ ባይም እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ከቀዩ ሱፍ አምስቱ የጎረቤት ማተሚያ ቤት ጣሪያ ላይ ቀርቷል።

ወንዙ ሊከፈት ሃያ ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ ካልሆነልኝ ዘንጉን ለሰው ሰጥቼ ዳግመኛ ወንዝ ላልረግጥ ቆርጫለሁ። ከወንድሜ የቀረኝ ነገር ይኸው ነበር። እሱም ቢያልቅ ምን እንደሚሰማኝ ለማወቅ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

ሐሙስ ዕለት የወንድሜ ሚስት ሱቅ የቀረውን ጃኬቱን ልትወስድ መጣች። ግቢ ውስጥ ከክሩ ጋር ስታገል አገኘችኝና ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ተመለከተችኝ። ነገሩን አስረዳኋት። እባክሽ እትዬ፣ ከኋላዬ ቁሚና ክሩ ሲዘረጋ ንገሪኝ አልኳት። ተነስታ ቆመች። ሁለት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለቴም ምንም ሳትል ክሩ ወደቀ።

«እሱ ምን እያየ ነበር የሚነግርህ?» አለችኝ።

«ክሩን ነዋ።»

ጃኬቱን ደረቷ ላይ ታቀፈችው።

«ዓይኑ እኮ ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል» አለች። «እንኳን ክር፣ ሳህኑንም በእጁ ዳስሶ ነበር የሚያገኘው። እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኝ ነው።»

ሊሆን አይችልም አልኳት፤ አንድም እሑድ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን ስል ግን መንገድ ላይ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል ማድረግ የጀመረው መቼ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ዕድሜው ሲገፋ ፍቅር የጠናበት መስሎኝ ነበር። እሷ ቀጠለች፤ ክሩን ልመልስ ስል ትከሻዬ ከፍ ይላል አሉ። ከካቻምና ወዲህ ጠጋ ብሎ ቆሞ ያቺን ብዥ ያለች ጥላ ብቻ እያየ ነው «በል» የሚለኝ። ቤት ሲገባ፣ ወንድሜ ራሱ ያውቀዋል፣ እኔ ተከትዬው ነው «በል» የምለው እያለ ይስቅ ነበር አለችኝ።

ዘንጉን አነሳሁ። ምንም ሳልጠብቅ ክንዴ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ክሩ ቀጥ ብሎ ሄደና ሱፉ ክዳኑ አጠገብ አረፈ። ደገምኩ፤ ክዳኑን መታው። ሦስተኛውም አልሳተም። ወንዙ ሲከፈት መሄድ እችላለሁ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አልኩ።

«እንደማላስፈልገው ካወቀ ቤት ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ፈርቶ።»

እሱ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ንዴት ነው። የምናደድበት ሰው ዙሪያዬን ፈለግሁ፤ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«እጁን ይዤ እወስደው ነበር እኮ!» አልኳት። «ዳር ላይ ወንበር አድርጌለት፣ ምንም ባያደርግም ቁጭ ይል ነበር።»

«ይህን ነግረኸው ታውቃለህ?»

ነግሬው አላውቅም። ያለ እሱ መሄድን አስቤውም ስለማላውቅ፣ የሚነገር ነገር መስሎ አልታየኝም ነበር።