የቀራንዮና የአስኮ ዝናብ

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰኔ ሲገባ፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ብቻዋን የምትኖረው ሸክላ ሠሪዋ ጉዲቱ ጭቃ ስታቦካ፣ አንድ ሽበታም ጣሊያን ከአስተርጓሚው ከአምሐ ጋር ግቢዋ ገባና መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ተከለ።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? ወሬ ማዳመጫ?» አለች ለአምሐ።

«ኧረ የዝናብ መለኪያ ነው፣ እትዬ ጉዲቱ! ዶቶሬ ፋንቶኒ ክረምትን ነው የሚያጠኑት። ግብፅም ሕንድም ያሉ ምሁራን በየአገራቸው እየለኩ ይጻጻፋሉ። ግቢዎ ዛፍ ስለሌለበት ተመረጠ።»

«እኛ ጋ የዘነበው ሕንዶችን ምን አገባቸው?»

«የእነሱም ክረምት አሁን ነው። አንዱ ጋ ሲበረታ ሌላው ጋ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ጉዲቱ ጣሊያን አትወድም፤ ነገሩ ግን ገረማት። ጠዋት ጠዋት የጣሳውን ውኃ ዶቶሬው በሰጣት ጭረት ባለው ብርጭቆ እየለካች፣ መጻፍ ስለማትችል በከሰል በሯ ላይ ታሰምር ጀመር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዶቶሬው ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ሌላው ጣሳ የተተከለው አስኮ ነው፤ የሚጠብቀውም አንድ ጣሊያን ወታደር ነው።

«ማክሰኞ አስኮ አሥር ጭረት ዘንቧል፤ እዚህ ምንም የለም። እርስዎ ተሳስተዋል ይላሉ» አለ አምሐ እያፈረ።

ጉዲቱ ደሟ ፈላ። «ማክሰኞ ጠብ አላለም! ሸክላዬን ውጭ አስጥቼ ነው የዋልኩት። የወታደሩ ደብተር ሌላው ቀንስ ስንት ይላል?»

ዶቶሬው ደብተሩን ገለጠ። አሥር፣ አሥር፣ አሥር። ከዳር እስከ ዳር አሥር።

«በል ተነሥ በለው፣ ሄደን እንየው!»

ሦስቱም በጭቃው ተያይዘው ሄዱ። ዶቶሬው ሁለቴ አዳልጦት ሁለቴም ክንዱን ይዛ ከመውደቅ ያዳነችው ጉዲቱ ናት። አስኮ ሲደርሱ ወታደሩ ድንኳኑ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ እሳት ይቆሰቁሳል። ጉልቻው ላይ የተጣደው የዝናብ መለኪያው ነው፤ ውስጡ ፓስታ ይንተከተካል።

ዶቶሬው ቀላ፣ ጮኸ፣ ከዚያ የጉዲቱን ዓይን አየና በሳቅ ፈነዳ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እሷም ወገቧን ይዛ።

«ይቅርታ ይጠይቃሉ» አለ አምሐ። «ለአስኮም የሚታመን ሰው ካወቁ ንገሩኝ ይላሉ።»

«እዚሁ አስኮ ቅቤ ነጋዴዋ ዙቤዳ አለች። ፓስታ አታውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ገበያ በተገናኙ ቁጥር ጨዋታቸው ዝናብ ሆነ፤ አንዷ ጋ ሲያባራ ሌላዋ ትኮራለች። መስከረም ላይ አምሐ እየሮጠ ገበያ መጣ። ልኬታቸው ከሕንዶቹ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ታትሟል።

«ስማችን አለበት?» አለች ጉዲቱ።

«ስም የለውም። ቀራንዮና አስኮ ግን ተጽፈዋል።»

«ሕንዱን ተወውና» አለች ዙቤዳ የቅቤ እጇን እየጠረገች፣ «ከሁለታችን የማን በለጠ?»

«የቀራንዮ፣ በሰባት ጭረት።»

ጉዲቱ ገበያው መሐል እልል አለች። ዙቤዳ ግን የራሷ ብርጭቆ ሰፊ ስለሆነ ጭረቱ እንዳነሰ ለአምሐ ታስረዳው ጀመር።