የተፋቁት ሹካዎች

የቤተ ሙከራችን ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ስገባ ሁለቱን ጥንታዊ የድምፅ መለኪያ ሹካዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አብለጭልጯቸዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ለሚጎበኙን እንግዶች አሳመርኳቸው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እነዚህ ብረቶች መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ድምፅ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ቅንጣት ታህል ከተፋቁ ይለወጣሉ። ሁለቱንም መታሁና ጆሮው ሥር ደቀንኳቸው። ድምፁ አንድ መሆኑ ቀርቶ ዋው፣ ዋው፣ ዋው እያለ ይዋዥቃል።

«ትሰማለህ? አጣላሃቸው እኮ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው? እንግዶቹ የሚመጡት ሊያዩ እንጂ ሊሰሙ አይደለም።»

ልሰድበው ስል ትዝ አለኝ። ያኔ ተማሪዬ ሳለ በእነዚሁ ሹካዎች ፈትኜ ሙሉ ማርክ የሰጠሁት እኔው ነኝ።