የአልጋ አምስት ማስረጃ

ጥድፊያ የሚሏት ዝም ብለው አይደለም። ይቺ የነርስ ተማሪ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን ታወጣለች፣ ቀልዱ ሳያልቅ ትስቃለች። ዛሬም ሆስፒታል የመጣችው የፈተና ወረቀቷን እቤቷ ጀምራ፣ ለመጨረስ ምንም ያህል ሳይቀራት ነው።

ወረቀቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ የበሽተኛው ችግር ምንድን ነው፣ ከምን መጣ፣ ማስረጃሽስ የታለ። ነርሲንግ ዳያግኖሲስ የሚባለው ይኸው ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ይጽፋል፤ ነርሷ ደግሞ በሽታው ሰውየውን ምን እያደረገው እንደሆነ። ጥድፊያ የደረሷት የአልጋ አምስቱ አዛውንት ናቸው፤ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ቡአቸውን በቀዶ ጥገና የታከሙ። ይህን ማታ በስልክ ከተላከላት የስም ዝርዝር አንብባ፣ ጠዋት ሻይዋን እየጠጣች ሁለቱን መስመር ሞላቻቸው። ችግር፣ ከባድ ሕመም። ምክንያት፣ የቀዶ ጥገና ቁስል። የተቀደደ ሰው ምን ሊሆን ነው ታዲያ፣ ሊዘፍን ነው?

ወረቀቱን አራት ሰዓት ላይ የሚሰበስቡት መምህርቷ ሲስተር ናቸው፤ ተማሪዎቹ ከጀርባቸው "መቀስ" ይሏቸዋል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት አይቀበሉም፣ ያረፈደም አይቀበሉም። ጥድፊያ ይህን ፈተና አንዴ ወድቃለች። ዛሬም ከወደቀች ትምህርት ቤቱ ያሰናብታታል።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አልጋው ራስጌ ቆመች። ሽማግሌው በላብ ተጠምቀው ይገላበጣሉ። ትልቋ ልጃቸው ወንበር ላይ ሆና በጋዜጣ ታራግብላቸዋለች።

"አባባ፣ ያምዎታል አይደል?"

"ያመኛል ልጄ።"

"ከአሥር ስንት ይሰጡታል?"

"እኔ ምኑን አውቄ፣ ፈታኝ ነኝ እንዴ?"

"ዛሬ ፈታኙ እርስዎ ነዎት። ነጥብ አይሰስቱ ብቻ።"

"እንግዲያው አሥሩንም ውሰጂ።"

ደስ ብሏት ጻፈች። አሥር ከአሥር፣ አለቀ። የቀረችው አንዲት ቃል ናት።

"የቱ ጋ ነው?"

የሽማግሌው እጅ ቁስሉ ላይ አልሄደም። ፋሻው ያለው ቀኝ ብሽሽታቸው ላይ ሲሆን፣ እጃቸው ግን ከእምብርታቸው በታች፣ መሃሉ ላይ ተጭኖ ቀረ። የጥድፊያም እስክርቢቶ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

"ሁለት ጊዜ ማስታገሻ ወጉት፣ ወይ ፍንክች" አለች ልጃቸው። "አባዬ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።"

ጥድፊያ አስፈቅዳ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና መዳፏን አሳረፈች። ከእምብርት በታች ውሃ እንደሞሉት ኳስ ተወጥሯል። ካርዳቸውን አየች። የጠዋቷ ነርስ "ሸንተዋል" ብላ ጽፋለች።

"አባባ፣ ሽንት የሸኑት መቼ ነው?"

ሽማግሌው ጣሪያውን አዩ። ቀጥለው ልጃቸውን አዩ።

"ጠዋት ጠይቀውኝ ነግሬያቸዋለሁ።"

ጥድፊያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "እትዬ፣ እስቲ ውሃ ያምጡላቸው።"

"ውሃማ ይኸው አለ።"

"ሌላ ውሃ።"

ልጅቷ አንዴ አባቷን አንዴ ተማሪዋን አየችና ወጣች።

"ትናንት ከመቀደዴ በፊት ነው" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። አርባ ዓመት ያን የሚያህል መኪና ነድቼ፣ ልጄ ፊት ሽንት እምቢ አለኝ ልበል?"

ለአራት ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። "ቁስሉ ላይ" ብላ ብትጽፍ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ አስረክባ ስታበቃ ለነርሷ ትነግራለች። ስምንት ደቂቃ ምን አላት? የሽማግሌውን ጣቶች አየች፤ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ነጭ ሆነዋል። ከላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ሰረዘቻቸውና ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሮጠች።

የዋርዱ ነርስ መጋረጃውን ስባ የሽንት ቱቦ ከነከረጢቱ አስገባችላቸው። ከረጢቱ ሞላ፣ ሞላ፣ ከሊትር አለፈ። ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ አወጡና ልጃቸው ውሃውን ይዛ ሳትመለስ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አራት ከሃያ ላይ ሲስተር ጥድፊያን ኮሪደሩ ላይ አቆሟት። ከስርዙ በላይ "ሽንት አልወጣ ማለት" ብላ ጽፋ፣ አርፍዳ ያስረከበችው ወረቀት እጃቸው ላይ ነው።

"ሆዳቸውን በእጅሽ አይተሽ ነው የደረስሽበት?"

"አዎ ሲስተር።"

"ጥሩ። እነዚህን የሰረዝሻቸውንስ መቼ ጻፍሽ?"

"አሁን" ብትል ማን ያውቅባታል። እንዲያውም ሊያመሰግኗት ምንም አልቀራቸውም።

"ሻይ እየጠጣሁ" አለች።

"የት?"

"እቤት።"

"በሽተኛውን ሳታዪ።"

"ሳላይ።"

ሲስተር ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት። "ሰውየው እጃቸውን ቁስሉ ላይ ቢያደርጉ ኖሮ፣ ይሄ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ፣ በሰዓቱ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። እኔም አሳልፍሽ ነበር። አንቺም ዕድሜ ልክሽን ሻይ እየጠጣሽ ትጽፊ ነበር።"

"ወደቅኩ ማለት ነው?"

"ዛሬ አልፈተንኩሽም። ነገ ሁለት ሰዓት፣ አልጋ ሰባት። ባዶ ወረቀት ይዘሽ ነይ።"

"እስክርቢቶስ?" አለች ጥድፊያ፤ አፏ ቀደማት።

ሲስተር ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና መዳፋቸውን ዘረጉ። "እሱ እኔ ጋ ያድራል። በሽተኛውን አይተሽ ስትጨርሺ መጥተሽ ትወስጂያለሽ።"

ሰጠቻቸው።