ሐይቅ ውስጥ የተደበቀ ቤት

ሰው እህሉን ጉድጓድ ይቀብራል፣ ወርቁን ትራስ ውስጥ ይሰፋል። የኔ ባል ግን ቤት ደበቀ። ያውም ሐይቅ ውስጥ! ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ እሱ ቤቱን አልተቀማም።

ኃይለመለኮት የመንገድ ንድፍ ሠሪ ነበር፤ ድራፍትስማን የሚሉት። መሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ ዝዋይ ልኮት ሐይቁን አየና ቀልቡን እዚያው ጥሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ዝዋይ ነው። ባዶ የነዳጅ በርሜል ከተክለ ሃይማኖት እየገዛ፣ ጌጃ ሰፈር እያስበየደ፣ በላዩ ሳንቃ ዘርግቶ፣ ሁለት ክፍልና በረንዳ ያለው የቆርቆሮ ቤት ውኃ ላይ ሠራ። "ለፈረንጅ እናከራየዋለን" ይለኛል። "መሬት ሞልቶ ሳለ ምን ቆርጦት ውኃ ላይ የሚያድር ፈረንጅ አለ?" እለዋለሁ። ዝም ይላል። ሲናደድ ዝም ማለት ልማዱ ነው፤ እኔን ደግሞ ዝም ሲሉኝ ይብስብኛል።

የምንኖረው ልደታ፣ አባቴ በሠራው ቤት ነበር። አባቴ ድንጋዩን ራሱ እያስጠረበ፣ የጥዱን በር ራሱ እየላገ ሠርቶት ሞተ። እናቴ ወይዘሮ ወለተሰንበት ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ የቤቱን ካርታ በኃይለመለኮት ስም አዛወሩት። "እኔና አንቺ ማዘጋጃ ቤት ብንመላለስ ማን ይሰማናል? እሱም ልጄ ነው" አሉ። ልጃቸው! በስሙ ይሁን እንጂ የማን ቤት እንደሆነ እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ የማያውቅ የለም። እሱም እንዳይረሳው አደርግ ነበር። መዝጊያ ሲያላጋ "ቀስ! የአባቴ በር ነው" እለዋለሁ። ምስማር ሲመታ "የአባቴን ግድግዳ ስትበሳ ማንን አስፈቅደህ ነው?" እለዋለሁ። ብልስ? ውሸት ተናገርኩ?

በስልሳ ሰባት ሐምሌ አዋጁ ወጣ። ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ። ሰፈሩ ቀውጢ ሆነ። ትናንት በኪራይ ቤቶቹ ሲኮራ የነበረው ሁሉ "የአክስቴ ልጅ ቤት ነው፣ እኔ የለሁበትም" ማለት ጀመረ። እኔ ግን ልደታ ማርያም ሄጄ አመሰገንኩ፤ ያለን አንድ ቤት ነዋ! ስመለስ ባሌ አመድ መስሎ ተቀምጧል።

"አዋጁ የሚለው መሬት ላይ ስላለ ቤት ነው" አለኝ። "የኔ ውኃ ላይ ነው።"

"ቤት ነው አይደለም?"

"ነው።"

"እንግዲያው ነገ ሂድና አፍርሰው። ያንተ በርሜል የአባቴን ቤት ይዞብኝ እንዳይሄድ!"

ሄደና ሰንብቶ መጣ። "አፈረስከው?" ስለው "ደበቅኩት" አለኝ። የበርሜሎቹን ክዳን አንድ በአንድ ፈትቶ ውኃ አስገብቶባቸው፣ ቤቱን ከነመዝጊያው ከነመስኮቱ አስጥሞት መምጣቱ ነው። ክፉው ቀን ሲያልፍ ያወጣዋላ! ሳቅም ለቅሶም ያዘኝ። እናቴ አማተቡና "ልጄ፣ ይሄ ሰው ደህና ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ክረምቱ ወጥቶ የሐይቁ ውኃ መጉደል ሲጀምር ጉዱ ብቅ አለ። ኦልጅራ የሚባል የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ፣ ለኃይለመለኮት ወዳጁ ነው፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ "መረባችን በቤትህ ጣሪያ እየተቀደደ ነው። ጉማሬም ጀርባዋን ታክበታለች። ሰው ማውራት ጀምሯል" አለው። ነገሩ ቀበሌ ጆሮ ከደረሰ ሁለት ቤት አላቸው ልንባል ነው። ሁለት ቤት አላቸው ከተባልን ደግሞ ልደታ እንዳለቀለት ቆጠርኩት። ያን ቀን እህል አልበላሁም።

በማግሥቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩና አቶ ደጉ የሚባሉ የብረት ነጋዴ አገኘሁ። "የሰመጠ ቤት ልትሸጪልኝ ነው?" ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ በርሜሉንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ሳንቃውንም ሊወስዱ ተስማማን። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያው ውኃ ውስጥ ተቆራርጦ በቁራጭ እንዲወጣ። የተቆረጠ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው፣ የተቆረጠ ሳንቃም ማገዶ ነው፤ ቤት የሚለው የለም። ኃይለመለኮትም እሺ አለ። እኔም ሞኟ አመንኩት።

ዝዋይ ስንሄድ አውቶቡስ ላይ መከርኩት። "ማንም ቢጠይቅህ አላውቀውም በል።"

"በእጄ የሠራሁትን?"

"ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ እንኳ ቅዱስ ተብሏል። አንተ በርሜል መካድ ያቅትሃል?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ የአቶ ደጉ ሰዎች መጋዝ ይዘው ቆመዋል። ለካ የኔው ጉድ ከኦልጅራ ጋር ተመካክሮ፣ የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክና ሁለት ጥንድ በሬ አዘጋጅቶ ኖሯል! "መጋዝ አይነካውም፤ ሙሉውን ነው የምናወጣው" አለ። እሪ አልኩ። አቶ ደጉን በልጆችዎ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም ነጋዴ ናቸው፤ "ሳይቆረጥ ከወጣማ ለኔም ይሻለኛል፣ እቴ" አሉኝ። ሴት ብትጮህ ማን ይሰማታል!

ሰዎቹ እየጠለቁ ላስቲኩን ከቤቱ ሥር አስረው ነፉት፤ ገመዱን በሬዎቹ ጎተቱት። የገበያ ቀን ነበርና ሰው ጎረፈ። መጀመሪያ ጉማሬዋ ያጎበጠችው ጣሪያ ወጣ፤ ቀጥሎ መስኮቶቹ፤ ቀጥሎ በረንዳው፤ ጭቃና ደንገል እየተንጠባጠበበት። ሴቶቹ እልል አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። አንድ መስኮት እንኳ አልተሰበረም። ባሌን አየሁት፤ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ በሠርጋችን ቀን ያላየሁበትን ሳቅ ይስቃል። ያኔ ነው የፈራሁት።

እልልታው ሳይበርድ ነጋ የሚባል የዝዋይ ቀበሌ ሊቀመንበር መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ። "የማን ቤት ነው ይሄ?" አለ።

አቶ ደጉ ፈጠን ብለው "እኔ ብረት ነው የገዛሁት፣ ቤት አላውቅም" አሉ። እኔ ባሌን በዓይኔ ለመንኩት።

"የኔ ነው" አለ ኃይለመለኮት። "እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ሌላ ቤት አለህ?"

"ልደታ አለ፤ በስሜ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሊቀመንበሩ ግን አልተቆጣም። "ሳታስመዘግብ መቅረትህ ጥፋት ነው። ግን አልካድክም፤ በራስህ እጅ አውጥተኸዋል። አንዱን ምረጥ፣ አንዱን ለሕዝብ ታስረክባለህ" አለው።

እፎይ! በርሜሉን ወስደው የአባቴን ቤት ሊተዉልን ነው፤ እሰይ፣ ይውሰዱት!

"ይሄን" አለ ባሌ።

"ልደታን ማለቱ ነው ወንድሜ፣ ደክሞት ነው!" አልኩ ዘልዬ።

"አልደከመኝም" አለ፤ ወደኔም አላየም። "ያኛው የአባቷ ቤት ነው። ይሄ የኔ ነው።"

ያን ጊዜ ያልኩትን አልደግመውም፤ ጾም ነበር። ሰው እስኪይዘኝ ድረስ ጭቃ እያነሳሁ ወረወርኩበት። አቶ ደጉ የተመዘገበ መኖሪያ ቤት ገዝተው ጣጣ ውስጥ እንደማይገቡ ተናግረው መጋዛቸውን ጫኑ። ሽያጩም በዚያው ቀረ። እኔም ከነጭቃዬ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ብዙም ሳይቆይ የልደታ ቀበሌ መጥቶ በራችን ላይ በቀለም ቁጥር ጻፈበት። እናቴ "ምንድነው?" አሉኝ። ተከራይ መሆናችንን ነገርኳቸው። "ባሌ በሠራው ቤት?" አሉ። አላለቀሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ግቢውን መጥረግ ተዉ። "የቀበሌ ግቢ ነው፤ ቀበሌ ይጥረገው" አሉ። ቅጠሉ በር ላይ ተከመረ። እኔ ልጠርግ ስነሳ መጥረጊያውን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር።

ባሌ ሥራውን ለቆ እዚያው ሐይቁ ላይ ከረመ። አስጥሞት በሰነበተበት ጊዜ በርሜሎቹን ዝገት በልቷቸው ኖሮ በቀጣዩ ክረምት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ቤቱ የለም። ሁለተኛ ጊዜ የጎተተለት ሰው አልነበረም።

አንድ ማታ ልደታ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "ልግባ?" አለ። ምን ልበለው? ባለቤት ብሆን አላስገባህም እለው ነበር። እናቴ "አስገቢው፣ ሰው ነው" አሉ። ገባ። እራት አቀረብኩለት።

ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ በላ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ እያየ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው ያድስልን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርጎ "የሻረግ፣ እስቲ ጨምሪልኝ፤ ይጣፍጣል" አለኝ። ቤቱ የአባቴ ሳለ ጨምሪልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ያቀረብኩለትን ቀመስ አድርጎ ነበር የሚነሳው። ያን ቀን ግን ደልቶት፣ እንደ ቤቱ በላ። ቤቱን ሲወስዱብኝ ያላለቀስኩት ሴትዮ ያኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያም ዓይኔን ጠርጌ ጨመርኩለት።